ምዕራፍ 6፦ ምቱ ይቀድማል፣ ስዕሉ ይከተላል

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላን አቋርጦ፣ የዥጣን ገደል ወርዶ ደላንታ አምባ ላይ ሲወጣ የሄደበት መንገድ አዲስ ነበር። አጤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ድንጋይ እያስፈነቀሉ ያስጠረጉት መንገድ ነው። ዛሬ የደላንታ ወረዳ ዋና ከተማ ወገል ጤና ያለችው በዚያው አምባ ላይ ነው። ከእንግሊዞቹ ጋር ከመጡት መሐንዲሶች መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ካርታና ንድፍ ያባዛሉ፤ ገደሉን፣ ድንኳኑን፣ የተፈቱትን እስረኞች ያነሳሉ። መሣሪያቸው ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሚነቃነቅ ነገር አይወድም። በፈሳሽ የሚዘጋጀው መስታወት ብርሃን እስኪጠጣ ድረስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ መቆም አለበት። በቅሎ ጆሮዋን ካወዛወዘች ጆሮዋ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። በላስታና በደላንታ ሰማይ ሥር የተነሱት የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች እንግዲህ የቆመ ሰውና ዝም ያለ ተራራ ናቸው።

ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ቆይቶ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ፣ ኮሎኒ በተባለ ቲያትር ቤት፣ በእጅ የተሳለች አይጥ የመርከብ መሪ እያሽከረከረች አፏን አሹላ ስታፏጭ ታየች፤ ፉጨቷም ተሰማ። ቀኑ ኅዳር 9 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 18 ቀን 1928። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን አዲስ አበባ ላይ የንጉሥነት ዘውድ ከጫኑ ገና ስድስት ሳምንት ሆኗል። የፊልሙ ስም «ስቲምቦት ዊሊ» ነው፤ የአይጧ ስም ሚኪ። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ከዚያ ቀን ወዲህ ስለመጡት አጫጭር፣ ባለ ጥቁርና ነጭ፣ ሙዚቃ የሞላባቸው የስዕል ፊልሞች ነው። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብዙ ሰው ነገሩን ሲያወራው «ካርቱን ድምፅ ተጨመረለት» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የተጨመረው ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጉድ ባልተባለ ነበር፤ ዝም ያለ ፊልም የሚባለውም ቢሆን ዝም ብሎ አያውቅም። ሲኒማ ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ይቀጥራል፤ ትልቅ ሲኒማ ቤት ከሆነ ኦርጋን ወይም ሙሉ ኦርኬስትራ ይኖረዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ካሜራውን በእጁ የሚያዞረው ሰው አንድ ቀን ይፈጥናል፣ አንድ ቀን ይዘገያል። ፊልሙን የሚያሳየው ሰው ደግሞ ተመልካቹ ሲበዛና ቀጣዩ ትዕይንት ሲደርስ ያጣድፈዋል። በሰከንድ 16 ምስል ሊያልፍ ይችላል፤ 20ም፣ ከዚያ በላይም። ፒያኖ ተጫዋቹ ፊልሙን በዐይኑ እያባረረ ከመምታት በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ ሰካራሙ ሲወድቅ ከበሮው «ድም» ቢል ዕድል ነው፤ በማግስቱ ሊዛነፍ ይችላል።

ድምፅ በፊልም ላይ ሲመጣ ይህ ልቅነት የግድ መቆም ነበረበት። ምስል ቢፈጥን ዐይን ይቅር ይላል፤ ድምፅ ቢፈጥን ግን ጆሮ ወዲያው ያውቃል፤ ወፍራሙ ሰውዬ እንደ ሕፃን መጮኽ ይጀምራል። ስለዚህ ባለ ድምፅ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር 24 ፍሬም፣ እንዲሮጥ ተወሰነ። ውሳኔው የመጣው ለድምፁ ሲባል ነው። ትልቁን ጥቅም ያገኘው ግን ሰዓሊው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የፊልም ጊዜ ተቆጠረ። አንድ ሰከንድ 24 ወረቀት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ጥበብ ልብ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ እንየው። አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ጊዜ ይመታል እንበል፤ የወታደር ሰልፍ እርምጃ ማለት ነው። በሰከንድ ሁለት ምት ይደርሰዋል። 24ን ለሁለት ስንካፈል 12 እናገኛለን። ስለዚህ ሰዓሊው ገጸ ባሕሪው በየ12ኛው ፍሬም እግሩን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ አድርጎ ከሳለ፣ ሙዚቀኛውም በደቂቃ 120 ከመታ፣ ሁለቱ በተለያየ ከተማ ተቀምጠው ቢሠሩ እንኳ እርምጃውና ምቱ ይገጥማሉ። ዘፈኑ ወደ 180 ከፈጠነ በየ8ኛው ፍሬም ነው። ሙዚቃና ስዕል በቁጥር ተፈራረሙ ማለት ነው።

«ስቲምቦት ዊሊ»ን ያወጣው ዋልት ዲዝኒ ይህን ሲጀምር በደህና ቀኑ አልነበረም። በ1928 መጀመሪያ ኦስዋልድ የተባለውን ጥንቸሉን በውል አጥቶ፣ ከሰዓሊዎቹም አብዛኞቹን ተነጥቆ ነበር። ከጎኑ የቀረው ዋና ሰዓሊ አብ አይወርክስ ነው፤ የሚኪን ፊልሞች በአብዛኛው በእጁ የሳለው እሱ ሲሆን ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከአለቃው ስም ሥር ተደብቆ ይኖራል። ሁለት የሚኪ ፊልሞች ያለ ድምፅ ተሠርተው የሚያከፋፍላቸው ጠፋ። ሦስተኛውን፣ «ስቲምቦት ዊሊ»ን፣ ከድምፅ ጋር እንሥራ ሲባል «በምን ስሌት?» የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ዊልፍሬድ ጃክሰን የተባለ ወጣት ነው። እናቱ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች፤ እሱም ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሜትሮኖሟን አመጣ፣ ሃርሞኒካውን ነፋ፣ ዲዝኒ ፍሬሙን አሰላ። በዚያ ክረምት የፊልሙ ጥቂት ክፍል እንደተሠራ ሚስቶቻቸውን አስቀምጠው ሞከሩት። ሰዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሃርሞኒካ፣ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳና ድስት እየመቱ ከስዕሉ ጋር ለመግጠም ሞከሩ። ሚስቶቹ ብዙም አልተደነቁም ይባላል፤ ባሎቹ ግን ደጋገሙት።

ኒው ዮርክ ላይ ኦርኬስትራ ተቀጥሮ የተደረገው የመጀመሪያው ቀረጻ ከሸፈ። መሪው በዐይኑ እያየ ሊከተል ሞክሮ አልሆነለትም። ዲዝኒ መኪናውን ሸጦ ሁለተኛ ቀረጻ አዘጋጀ። በዚህኛው ጊዜ የምቱን ቦታ የሚያሳይ፣ ከፍ ዝቅ የምትል ኳስ ፊልሙ ላይ ታትማ ነበር፤ የኦርኬስትራው መሪ እሷን ተከትሎ መራ፤ ገጠመ።

ፊልሙን ዛሬ ሲያዩት ታሪኩ ባዶ መሆኑ ይገርማል። ፍየል የኖታ ወረቀት ትበላለች፤ ጭራዋ እንደ ማሽን እጀታ ሲጠመዘዝ ከአፏ ዘፈን ይወጣል። የላም ጥርስ በዱላ ይመታል፤ እያንዳንዱ ጥርስ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ዳክዬ፣ ድመት፣ የአሳማ ግልገል ሁሉ መሣሪያ ይሆናሉ። ታሪክ የለም ያልኩት ለማቃለል አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ግጥምጥሙ ነው። ተመልካቹ ያጨበጨበው የዐይኑና የጆሮው ነገር በአንድ ቅጽበት ስለተገናኘለት ነው።

ይህን ደስታ ለላስታ ሰው ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ቤተ ማርያም የተገኘ ሰው ያውቀዋል። ካህናቱ ግማሾቹ በዓለቱ ግንብ ጫፍ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ላይ፣ ግማሾቹ ታች በግቢው ውስጥ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ይባላል፤ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሁሉም በአንድነት ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ነጩ ልብስ እንደ አንድ አካል ሲወዛወዝ፣ የሚታየው ነገር ከሚሰማው ነገር ሊለይ አይችልም። የአቋቋም ትምህርት የተማረ ደግሞ ከዚህ ጠለቅ ብሎ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዜማው በቁም ይባላል፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየተወዘወዘ ዜማውን ይከተላል። ከዚያ መረግድ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ እያለ እያለ ወደ ጽፋት ይፈጥናል። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበለው፦ መጀመሪያ ዜማው አለ፤ እንቅስቃሴው የሚሠራው በዜማው ልክ ነው። መሪጌታ ተማሪውን «መቋሚያህን አወዛውዝና ዜማ ፈልግለት» አይለውም።

ሆሊዉድም የደረሰው እዚሁ ላይ ነው። በ1929 «የአጽሞች ጭፈራ» የተባለው ፊልም ሲሠራ ሐሳቡን ያመጣው ሙዚቀኛው ካርል ስቶሊንግ ነው። ስቶሊንግ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለዝምተኛ ፊልሞች ኦርጋን ሲመታ የኖረ ሰው ነበር፤ ማለትም ሌላ ሰው የሠራውን ፊልም በጣቱ ሲያባርር ዕድሜውን የፈጀ። አሁን ተራው ደረሰ። ሙዚቃው ይቀድምና ስዕሉ ይከተለው አለ። አይወርክስ ተቀመጠና ፊልሙን ከሞላ ጎደል ብቻውን ሳለው። አራት አጽሞች ከመቃብር ወጥተው ይጨፍራሉ፤ አንዱ የሌላውን የጀርባ አጥንት በጭን አጥንት ይመታል። ያለ አንድ ቃል፣ ያለ ታሪክ፣ አምስት ደቂቃ ተኩል። ከሁሉም የዚያ ዘመን ፊልሞች አንዱን ብቻ እይ ብትሉኝ «ስቲምቦት ዊሊ»ን ትቼ ይህን አያለሁ።

ያን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ዓይነት ወረቀት መጣ። ከላይ የኖታ መስመር አለው፤ ከሥሩ በየምቱ አንጻር ምን እንደሚሳል ይጻፋል፤ «እዚህ ይዘላል»፣ «እዚህ ይወድቃል»። ዳይሬክተሩና ሙዚቀኛው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያንን ወረቀት ይሞላሉ፤ አንድ መስመር እንኳ ሳይሳል ፊልሙ በቁጥር አልቋል። ባለ ሰባት ደቂቃ ፊልም 10,080 ፍሬም ነው። አንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ማንሳት ስለሚቻል፣ ዐይንም ያንን ስለማይቃወም፣ ወደ 5,000 ስዕል ይበቃል። ይህም ቢሆን ብዙ ነው። እዚህ ላይ ሙዚቃው ሌላ ውለታ ዋለ። ዘፈን ይደጋገማል፤ አዝማች አለው። የሚደጋገም ዜማ ላይ የሚደጋገም ስዕል ቢመጣ ስንፍና አይመስልም፤ ጭፈራ ይመስላል። አሥራ ሁለት ወረቀት ላይ የተሳለ እርምጃ ለአንድ ሙሉ አዝማች ያገለግላል። የእነዚያ ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ቆመው እንኳ ጉልበታቸውን እያረገረጉ የሚታዩት ለዚህ ነው። ደስታቸው ግማሹ ቁጠባ ነው።

ጥቁርና ነጭነቱም የራሱ ዘዴ ነበረው። ባለሙሉ ቀለም የቴክኒከለር ፊልም ካርቱን ላይ የዋለው በ1932 «አበቦችና ዛፎች» በተባለው የዲዝኒ ፊልም ነው፤ ከዚያም ዲዝኒ ለጥቂት ዓመታት በሞኖፖል ስለያዘው ሌሎቹ በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ ቆዩ። ቀለም ከሌለ ሰዓሊው የቀረው ነገር ቅርጽና ንጽጽር ብቻ ነው። እጅና እግር እንደ ጎማ ቱቦ ሆነው ይሳላሉ፤ ክርን የለ፣ ጉልበት የለ፣ ስለዚህ ወደፈለጉበት ይተጣጠፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የሚኪ እጅ ጥቁር፣ ደረቷም ጥቁር ነበር፤ እጇ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ፒያኖ የምትመታ አይጥ እጇ ካልታየ ምን ዋጋ አለው? በ1929 ነጭ ጓንት ተደረገላት። ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ ካርቱን፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ጓንት አጠለቀ።

የዲዝኒን መንገድ የቁጥር መንገድ ብንለው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። ማክስ ፍላይሸር ክራኮው ተወልዶ ብሩክሊን ያደገ የአይሁድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ከወንድሞቹ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። እነዚህ ሰዎች ከዲዝኒ በፊት ነው ካርቱንን ከድምፅ ጋር ያገናኙት። ከ1924 ጀምሮ ባወጧቸው የዘፈን ፊልሞች የዘፈኑ ግጥም መጋረጃው ላይ ይጻፋል፤ ትንሽ ኳስ ከቃል ወደ ቃል እየዘለለች «አሁን ይህን በሉ» ትላለች፤ አዳራሹ ሙሉ አብሮ ይዘፍናል። አንዳንዶቹ ድምፅ የተቀረጸባቸው ነበሩ። ሆኖም ድምፅ ማጫወቻ ያለው ሲኒማ ቤት ጥቂት ስለነበር ዝናው ሳይደርሳቸው ቀረ። ቀድሞ መጀመር ሁልጊዜ አያስመሰግንም።

የፍላይሸር ትልቁ ሥራ ግን ሮቶስኮፕ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በ1915 አመልክቶ በ1917 አገኘ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በሕይወት ያለ ሰው ሲንቀሳቀስ በካሜራ ይቀረጻል። ያ ፊልም በመስታወት ሥር አንድ አንድ ፍሬም እየሆነ ይበራል፤ ሰዓሊው መስታወቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሰውየውን ይከተላል። በመጀመሪያ የቀልደኛ ልብስ ለብሶ የተቀረጸው ወንድሙ ዴቭ ነው፤ ከዚያ ኮኮ የተባለው ገጸ ባሕሪ ወጣ።

በ1932 ይህ ዘዴ ካብ ካሎዌይን አገኘ። ካሎዌይ የሃርለም ጃዝ ባንድ መሪ ነበር፤ ኮተን ክለብ በተባለው ቤት ይጫወታል። የሚጫወቱት ጥቁሮች፣ ገብተው የሚያዩት ነጮች ብቻ የሆኑበት ቤት ነው። «ሚኒ ዘ ሙቸር» በተባለው ካርቱን መጀመሪያ ላይ ካሎዌይ ራሱ በአካል ከባንዱ ፊት ይታያል፤ ወገቡ ይሰበራል፣ እግሩ ሳይነሳ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስላል። ቀጥሎ የካርቱኗ ልጃገረድ ቤቲ ቡፕ ከቤት ኮብልላ ዋሻ ውስጥ ትገባለች፤ ከጨለማው ነጭ የባሕር አውሬ ይወጣና በካሎዌይ ድምፅ፣ በካሎዌይ እርምጃ ይዘፍናል። ሮቶስኮፑ ሰውየውን አውልቆ አውሬው ላይ አልብሶታል። በሚቀጥለው ዓመት «በረዶ ነጯ» ላይ ኮኮ ሙት መንፈስ ሆኖ በዚሁ በካሎዌይ አካል ይሄዳል፤ ፊልሙን ሮላንድ ክራንዳል የተባለ ሰዓሊ ከሞላ ጎደል ብቻውን ነው የሳለው። እነዚህን ሁለቱን ፊልሞች ከዲዝኒ ሥራ ጋር አስተያይተው ሲያዩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የዲዝኒዋ አይጥ በምቱ ላይ ትረግጣለች፤ ልክ በምቱ ላይ። ካሎዌይ ግን ምቱን ትንሽ ያስጠብቀዋል፣ ይዘገይበታል፣ በድንገት ይቀድመዋል። ሜትሮኖም ይህን አይችልም።

እዚህ ላይ ሳይነሳ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። የእነዚህ ፊልሞች ሙዚቃ በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው፤ ጥቁር ሰው ግን ስዕሉ ላይ የሚታየው አውሬ፣ መንፈስ ወይም አረመኔ ሆኖ ነው። በ1932ቱ ሌላ የፍላይሸር ፊልም ሉዊ አርምስትሮንግ በአካል ቀርቦ መለከቱን ይነፋል። ከዚያ ታሪኩ አፍሪካ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ሰው በላዎች ድስት ጥደዋል፤ የአርምስትሮንግ ግዙፍ ራስ እየበረረ ያሳድዳል። ከዋርነር ስቱዲዮ የወጣው የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ካርቱን ባለታሪክ ቦስኮም የነጮቹ ጥቁር ፊት ቀብቶ የመቀለድ ልማድ ልጅ ነው። የቦስኮ ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው በ1930 ነው። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑ የዓለም ጋዜጠኞችና ካሜራዎች ተሰልፈው ነበር። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሲኒማ ቤት፣ ዜናው ላይ የአፍሪካ ንጉሠ ነገሥት፣ ከዜናው ቀጥሎ ባለው ካርቱን ላይ ድስት የጣደ አፍሪካዊ ሊታይ ይችል ነበር ማለት ነው። የፊልሞቹን ጥበብ አደንቃለሁ፤ ይህን ገጻቸውን ግን «ዘመኑ ነው» ብዬ አላልፈውም፤ ምክንያቱም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የሠሯቸው፤ ካሎዌይን ከፍሬም ወደ ፍሬም እስኪከተሉት ድረስ ያዩት ሰዎች።

በእኛ በኩል ድምፅና ምስል የመጡት ለየብቻ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀርጸዋል። ኖታ ጽፎ፣ ምት ቆጥሮ የሚጫወት የንጉሥ ባንድ በተፈሪ መኮንን ጊዜ የተጠናከረው ከኢየሩሳሌም በመጡት አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነው፤ 1924 ላይ ነው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የሚነቃነቅ ምስል ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ የሚታይበት ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ተጠራ። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ቀለም ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። በመካከሉ የመጣ ካርቱን በቀለም የተሠራም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ ልጅ ጥቁርና ነጭ ነበር። ሥርጭቱም መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። የልጆቹን ሰዓት ለአራት አሥርት ዓመታት የያዙት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ካርቱን አልሳሉም፤ ነገር ግን ተረታቸውን በድምፅ ለውጥና በአካላቸው ሲያጫውቱ ለብዙ ልጅ የካርቱን ቦታ የሞሉት እሳቸው ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣ። የአሻንጉሊት ትርኢት ነው፤ ቀጭኔዋ ፀሐይ በአማርኛ ትዘፍናለች።

በእጅ ከተሳለው ወገን ልቤ የሚያደላው ለእዝራ ውቤ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖር ሰዓሊ ነው። በ2011 «ሂሳብ» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ። ታሪኩን ሁላችን እናውቀዋለን፦ አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ልክ ከፍላ ወረደች፤ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱ ቀረበት። ለዚህ ነው ዛሬም መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገዱ የማትነሳው፣ ፍየል የምትሸሸው፣ ውሻም መልሱን ሊቀበል የሚያሳድደው። እዝራ ይህን በሺህ ወረቀት አልሳለውም። አንድ ሸራ ወጥሮ ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ ይቀባል፣ ደግሞ ያነሳል። ፊልሙ ሲያልቅ የቀረው ሸራ አንድ ነው፤ የቀደሙት ስዕሎች ሁሉ ከሥሩ ተቀብረዋል።

ወገል ጤና ላይ ካርቱን ለብዙው ልጅ የደረሰው በዲሽና በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ማያ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያም ነው። «ስቲምቦት ዊሊ» ከጃንዋሪ 2024፣ «የአጽሞች ጭፈራ» ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት መብታቸው አብቅቷል፤ እየበታተኑ ማጥናት ይቻላል። እንግዲህ አንድ የደላንታ ወይም የላስታ ወጣት ቤዛ ኩሉን በስዕል ላንቀሳቅስ ቢል ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻለዋል?

ዝማሜው በዲዝኒ መንገድ ይሄዳል። መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ለመመለስ አራት ሰከንድ ይፈጃል እንበል። 96 ፍሬም ነው። እያንዳንዱን ስዕል ሁለት ጊዜ ካነሳው 48 ስዕል ይበቃዋል። መመለሱ የመሄዱ ግልባጭ ስለሆነ ደግሞ 24 ስዕል ሳለ ማለት የዝማሜውን ሰዓት ሙሉ ጨረሰ ማለት ነው። ለሃያ ካህናት ሃያ ጊዜ አይስልም፤ አንዱን ስዕል ደርድሮ አንዳንዱን በአንድ ፍሬም ያዘገየዋል፤ ምክንያቱም ሃያ ሰው በእውነት በአንዲት ቅጽበት አይወዘወዝም።

መረግዱ ሲገባ ግን ቁጥሩ ይፈርሳል። ከበሮው እየፈጠነ ይሄዳል፤ አፈጣጠኑም እኩል አይደለም፤ መቺው የሕዝቡን ሙቀት አይቶ ይጨምራል፣ ሽብሸባው ሲደምቅ ያቆየዋል። ለዚህ ሜትሮኖም ገዝቶ መድከም አያስፈልግም፤ የፍላይሸር መንገድ ይሻላል። ከበሮ መቺውን በስልክ መቅረጽ፣ ፍሬም በፍሬም ማቆም፣ በላዩ ላይ መሳል። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ አስቀድሞ ወደ 24 ማስተካከል፣ ካልሆነም ሒሳቡን ሁሉ በ30 መሥራት። አንድ ነገር ብቻ ከተቀረጸው ላይ መለወጥ አለበት፤ የድሮዎቹ ሰዓሊዎች በልምድ የደረሱበት ነው። እጁ ከበሮው ላይ የሚያርፍበት ስዕል ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይቀመጣል። ልክ በድምፁ ላይ ከተቀመጠ ለተመልካች የዘገየ ይመስለዋል።